ጥቂት ድምፅ ቀላል ነው ስለሚሉ ሰዎች

ፒያኖ በሚማሩ ወጣቶችና በአንዳንድ አስተማሪዎቻቸው ዘንድ አንድ ክፉ አባባል ሰፍኖ ይገኛል። ይኸውም ድምፁ ጥቂት የሆነ፥ አንዱን ሐረግ ይዞ ደጋግሞ የሚመላለስ ዜማ ለደካማ ተማሪ የተተወ ማረፊያ ነው የሚል ነው። አስተማሪው ይህን የሚናገረው በንቀት ነው፤ ተማሪው የሚሰማው በደስታ ነው። የአንዱ ንቀትና የሌላው ደስታ ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ ሁለቱም የድምፅን ማነስ ከድካም ማነስ ጋር አንድ አድርገው ቈጥረዋልና።

ነገሩ ይልቁንም የሚጎዳው መካከለኛውን ተማሪ ነው። ጀማሪው ገና ጣቶቹን በመፈለግ ላይ ስለ ሆነ አይታማም፤ የበቃውም የሚመርጠውን ያውቃል። መካከለኛው ግን ሁለት እጁን ማስማማት የቻለ፥ ኖታ ማንበብ የለመደ፥ ዳሩ ግን የፈጣኑንና የከባዱን ድርሰት ደጅ ገና ያላለፈ ነው። በዚህ ደረጃ ሳለ የፈረንሳዊው የኤሪክ ሳቲ ጂምኖፔዲ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 የተደረሰው፥ በእጁ ይገባል። ገጹ ነጭ፥ ኖታው የሳሳ መሆኑን አይቶ በአንድ ሳምንት ይዘልቀውና ‹አወቅሁት› ይላል። ጣቱ ስላልተሳሳተ የሚቃወመው አይገኝም።

ይህን የሚል ሰው የቅኔ ቤትን ሥርዓት ቢያውቅ ኖሮ ባፈረ ነበር። የቅኔ ተማሪ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። እንግዲህ ሁለቱ ቤት የሕፃናት፥ ስምንቱ ቤት የሊቃውንት ነው ማለት ነውን? አይደለም። በመወድስ ውስጥ አንድ የደከመ ቃል ቢገባ ከጓደኞቹ መካከል ተሸሽጎ ሊያልፍ ይችላል፤ በጉባኤ ቃና ግን መሸሸጊያ የለውም። ሰሙ ከሳሳ ወርቁ ወዲያው ይራቈታል፤ ቤቱ ካነሰ ወይም ከበዛ መምህሩ ተማሪው ነግሮ ሳይጨርስ ያርመዋል። ስለዚህ ዕድሜውን በቅኔ የፈጀ መምህር ጉባኤ ቃናን የተሻገረው ወንዝ አድርጎ አያይም፤ በእርጅናውም ይቈጥራል፤ ደቀ መዛሙርቱም ከረጅሙ ይልቅ አጭሩን በቃላቸው ይዘው ይዞራሉ።

የፒያኖውም ነገር እንደዚሁ ነው። ለምስክርነት አርቮ ፔርት የደረሰውን ፉር አሊና የሚባለውን ድርሰት መመልከት ይበቃል። ይህ ሰው በ1935 በኤስቶንያ የተወለደ፥ ብዙ ድምፅ ካለው የዘመኑ አደራረስ ተመልሶ ለዓመታት ያህል ወደ ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ጥናት የገባ፥ በ1970ዎቹም ዓመታት መጀመሪያ የኦርቶዶክስን እምነት የተቀበለ ነው። በ1976 ያወጣው ይህ ድርሰት ሁለት ገጽ ብቻ ነው። በመጀመሪያ አንድ ጥልቅ ድምፅ በፒያኖው ታችኛ ዳርቻ ይመታና በፔዳል ተይዞ ይቀራል። ከዚያ በላይ ቀኝ እጅ ዜማውን፥ ግራ እጅ ደግሞ ከአንድ የሦስት ድምፅ ስምም የተመረጡትን ድምፆች እኩል ይነካሉ። ሐረጎቹ አንድ አንድ ድምፅ እየጨመሩ ያድጋሉ፤ ቀጥሎም እየቀነሱ ይመለሳሉ። ጣትን የሚያስጨንቅ አንድም ስፍራ የለውም፤ መካከለኛ ተማሪ በተቀመጠበት ያነበዋል።

ነገር ግን ፒያኖ መዶሻው ጅማቱን ከመታ በኋላ ድምፁ ወዲያው መሞት የሚጀምር መሣሪያ ነው። መሰንቆ የሚመታ ሰው በቀስቱ ድምፁን ሊያሳድግ ይችላል፤ መዘምር በትንፋሹ ሊያሰፋው ይችላል፤ ፒያኖ የሚመታ ግን የለቀቀውን ድምፅ መመለስ አይችልም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ድርሰት የሚቀጥለው ድምፅ መቼ ይነካ የሚለውን ነገር የሚወስነው ወረቀቱ ሳይሆን የፊተኛው ድምፅ አሟሟት ነው። ይህንንም የሚሰማ ጆሮ ነው፤ ጣት አይደለም። ደግሞም ሁለቱ እጆች አብረው ሲወርዱ ዜማውን የያዘችው በጥቂቱ ልቃ ካልተሰማች ነገሩ ሁሉ የደወል ግጭት ይሆናል፤ እጅግ ከላቀች ደግሞ ጩኸት ትሆናለች። ይህን ልክ ማግኘት በደቂቃ ብዙ መቶ ድምፅ ከመምታት ይከብዳል። የፍጥነት መልመጃ ከንቱ ነው የሚል የለም፤ ጣት ያለ እርሱ አይፈታም። ከንቱ የሚሆነው ፍጥነትን ብቻ ዕውቀት ብሎ መሰየም ነው።

ሁለተኛው አባባል መደጋገምን የሚነቅፍ ነው። ‹አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ማለት ከአሜሪካ የመጣ ፋሽን ነው› ይሉታል። አሜሪካውያኑ በ1960ዎቹ ይህን መንገድ እንዳስፋፉት እውነት ነው። ስቲቭ ራይክ በ1967 በደረሰው የሁለት ፒያኖ ድርሰት ሁለት ሰዎች አንዱን ሐረግ ይዘው ሲጫወቱ አንደኛው ቀስ በቀስ እየቀደመ ይለያል፤ ይህንንም ሳይስቱ መፈጸም የሊቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ራይክ ራሱ በ1970 የከበሮ ትምህርት ፍለጋ ወደ ጋና ሄዷል፤ ጓደኛው ፊሊፕ ግላስም ከሕንዳዊው ከራቪ ሻንካር ጋር በመሥራት የተማረው እንዳለ ተናግሯል። ሰዎቹ ከአፍሪካና ከእስያ ተምረው የሄዱትን ነገር የአፍሪካ ሰው ‹የባዕድ ነው› ብሎ ሲገፋው ያስገርማል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ደግሞ ይህን የሚናገረው ሰው በጾም ቀን ከቅድስቱ ቆሞ እግዚኦታውን አርባ አንድ ጊዜ የሚያደርስ ሰው መሆኑ ነው። አርባኛው ከመጀመሪያው ጋር በቃል አንድ ነው፤ የሚለው ሰው ልብ ግን አንድ አይደለም። በገና የሚደረድርም በዐሥሩ አውታር ላይ አንዲት አጭር አመታት ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመላለሳል፤ ቃሉ በዚያ ላይ ይሄዳል። በዚህ መሰልቸት የያዘው ሰው አላዳመጠም እንጂ በገናው አልጎደለም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሊታረም የሚገባው በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ስም የሚደረገው ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የሆኑት እኒህ እናት በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው የውብዳር ተባሉ፤ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በጠላት ወረራ ጊዜ በ1937 ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ወደ እንግሊዝ ሄደው ትምህርታቸውን የመቀጠሉ ነገር ሲቀርባቸው ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ፤ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ባዶ እግራቸውን ኖሩ። በኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የዜማ ተማሪዎች በደጅ ተኝተው ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ለድኾች መርጃ የሚሆን ሸክላ አስቀረጹ፤ የመጀመሪያው በ1967 በጀርመን ወጣ። ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በደብረ ገነት ገዳም ኖረው በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

አሁን ይህን ዜማ እንቅልፍ ማምጫ አድርገው የሚያሰሙ ነጋዴዎች አሉ፤ ከነራይክ ጋር በአንድ መዝገብ የሚጽፏቸውም አሉ። ሁለቱም አላዳመጡም። የእማሆይ ዜማ እንደ ሰዓት አይመላለስም፤ ይዘገያል፥ ይፈጥናል፥ ድንገት እንደ ማኅሌት መሪ ድምፁን አንቀጥቅጦ ያሳርፋል። በአምስቱ ድምፅ ቅኝት ላይ ከአውሮፓ የተማሩት እጅ አለበት፤ ከዚያም በላይ ከያሬድ የተቀበሉት ትንፋሽ አለበት። በ2013 ድርሰቶቻቸው በኖታ ታትመው ስለ ወጡ አሁን መካከለኛ ተማሪ ሊያነባቸው ይችላል። ግን ወረቀቱ የሚሰጠው ግማሹን ነው። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ምልክትን ሲያበጁ መምህሩን አላሰናበቱትም፤ ድጓ ዛሬም ከመምህር አፍ ይቀጸላል። የእማሆይንም ዜማ የሚያጠና ሰው ኖታውን ከፊቱ፥ የራሳቸውን ቅጂ በጆሮው ካላደረገ የሚመታው አጥንቱን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ነገር ነው፥ ለቆላው ምን ይረባዋል የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያውስ ከአዋሽ ወደ አሰበ ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቦርደዴ ትታሰብ። እንዲህ ባለች ከተማ ያለ ወጣት የሚያገኘው ባለ ጅማት ፒያኖ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኪቦርድ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፍ ሲኖረው ይህ አብዛኛውን ጊዜ 61 አለው፤ የርካሹ ዓይነትም ቀስ ብለው ቢነኩት ኀይል ሰጥተው ቢመቱት ድምፁ አንድ ነው። የፉር አሊና የመጀመሪያው ጥልቅ ድምፅ በዚያ ቁልፍ ላይ አይገኝም። አነካክን የማይለይ መሣሪያ ደግሞ በፈጣን ጨዋታ ጉድለቱን ይሸፍናል፥ ጥቂት ድምፅ ባለበት ግን ይጋለጣል። ስለዚህ ‹ለገጠሩ ልጅ ቀላሉን ስጡት› የሚል አስተማሪ ሳያውቀው ከሁሉ የከበደውን ነው የሚሰጠው፤ ሰጥቶም እንዴት እንደሚሠራ ሳያሳየው ይሄዳል።

ያ ወጣት ግን ድኻ አይደለም። በዚያው ቆላ የደብረ ወገግ አሰቦት ገዳም አለ፤ በየአጥቢያውም ግዕዝን ከዕዝል፥ ዕዝልን ከአራራይ በጆሮው የሚለይ መሪጌታ ሊገኝ ይችላል። ፒያኖ ወደ ቅኔ ማኅሌት ይግባ ያለ ማንም የለም፤ ከበሮውና ጸናጽሉ ከነመቋሚያው ቦታቸው የታወቀ ነው፤ ይህን ክርክር እዚህ የሚያመጣ ካህን ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ከመሪጌታው የሚፈለገው ጆሮ ነው። ተማሪው ሐረጉን ከመምታቱ አስቀድሞ በቃሉ ያዚም፤ የት እንደሚተነፍስ መሪጌታው ያሳየው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቁልፉ ይሂድ። አንድ ሐረግ በዚህ ዓይነት አንድ ወር ቢፈጅበት ጊዜው አልባከነም።

የሙዚቃ አስተማሪዎችም ለመካከለኛው ደረጃ ፈተና ሲያወጡ ከፈጣኑ መልመጃ ጋር አንድ እንዲህ ያለ ገጽ ይጨምሩ። ተማሪው ይቀመጥ፤ ገጹን ይምታ፤ በመጨረሻው ድምፅ ላይ እጁን ሳያነሣ ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይቆይ። ፈታኙም እስከዚያ ድረስ እርሳሱን አያንሣ።