ነፍስ ይቅደም

ኤችአይቪ በአገራችን ተረስቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋምቤላ ግን ልትረሳው አትችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ቫይረሱ በደማቸው የተገኘው 0.9 በመቶ ያህሉ ነበሩ። በጋምቤላ ግን 4.8 በመቶ። ከአዲስ አበባም በላይ መሆኑ ነው።

እንዲህ ባለ ክልል ኮንዶም በነፃ ሲታደል፣ ለሴተኛ አዳሪዎች ቅድመ መከላከያ መድኃኒት ሲሰጥ፣ «ይኼማ ዝሙትን ማበረታታት ነው» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። ትውልድን በግብረ ገብ ማነፅ የቤተሰብና የእምነት ተቋማት ትልቅ ሥራ ነው። የጤና ባለሙያ ሥራ ግን ሌላ ነው። ቁስለኛ ሲመጣለት «ጠቡን የጀመርከው አንተ ነህ?» ብሎ ሳይመረምር ደሙን ያቆማል። መከላከልም በዚሁ ሚዛን ይታይ ነው የምንለው። ኮንዶም መስጠት «ደግ አደረግሽ» ማለት አይደለም፤ «ነገንም እዪ» ማለት እንጂ። ደግሞስ ቫይረሱ መቼ ጥፋተኛ ለይቶ ይይዛል? ከባሏ የተላለፈባት ሚስት፣ ከእናቱ የተላለፈበት ሕፃን ምን አጠፉ?

ሌላው መሠረት ፈቃድ ነው። የወንድ ግርዛት ቫይረሱ ከሴት ወደ ወንድ የመተላለፍ ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከታየ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 አገልግሎቱን መክሯል። በኢትዮጵያ ትኩረቱ ጋምቤላ ላይ የሆነው ግርዛት ነባር ልማዳቸው ያልሆነ እንደ አኙዋና ኑዌር ያሉ ሕዝቦች ስለሚኖሩበት ነው። አገልግሎቱ በፈቃደኝነት መሆኑ ትክክል ነው። ባህሉ የተሰደበበት ወጣት ጤና ጣቢያ አይመጣም፤ ተረድቶ የወሰነ ግን ይመጣል። የተገረዘም ቢሆን ኮንዶም እንደሚያስፈልገው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የቀረው ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺሕ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። የሰው ነፍስ በሌላ አገር ምርጫ ውጤት ላይ መንጠልጠል የለበትም። የክልሉ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ለኮንዶም፣ ለምርመራና ለቅድመ መከላከያ መድኃኒት የራሱን ድርሻ ለይቶ ይመድብ። ምክሩንና ተግሣጹን የሚሰማው በሕይወት የቆየ ሰው ነውና።