መኪናዋ ያጋደለችበት ጎን ሁልጊዜ የታመመው ጎን አይደለም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፈተናም ስለ ውጤትም አይደለም፣ ስለ ባሌስትራ ነው። ረዘም ይላል፣ ግን መኪና ያለው፣ የሚነዳ፣ ወይም ጋራዥ የሚሠራ ወንድም ያለው ሰው እስከ መጨረሻው ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። እኛ ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለጉልበት እንከፍላለን፣ ለመለካት ግን አንከፍልም። አንድ መካኒክ ግማሽ ሰዓት ተንበርክኮ ለክቶ "ባሌስትራህ ደህና ነው፣ ችግሩ ጎማህ ነው" ቢለን "ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?" እንለዋለን። አንድ ቅጠል ባሌስትራ ጨምሮ ቢሸኘን ግን ያለ ክርክር ሂሳቡን እንሰጠዋለን። እንግዲህ መካኒኩ ምን ያድርግ? ቅጠል ይጨምራል!

ቺሮ መንገድ ዳር አንድ ሰዓት ብትቀመጡ የምለውን ታያላችሁ። ከገለምሶና ከበዴሳ ጫት ጭኖ የሚሮጠው አይሱዙ፣ ከመቻራ የሚመጣው ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ የወረዳው አምቡላንስ፣ ከሂርና ሰው የሞላው ዶልፊን፣ ብዙዎቹ ወደ አንድ ጎን አጋድለው ነው የሚሄዱት። ለምደነው እንደ ጉድለት አናየውም። ሾፌሩን ብትጠይቁት "ባሌስትራ ደክሞባት ነው፣ አንድ ቅጠል ይጨመርላታል" ይላችኋል። ሊሆን ይችላል። ግን በምን አወቀ?

"ቲቸር ደግሞ መካኒክ ሆነ እንዴ?" የምትሉ አትጠፉም። አልሆንኩም፣ ጋራዥም የለኝም። ዲፕሎማዬን ይዤ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። ባሌስትራ ግን ሰሌዳ ላይ የጻፍንላችሁ የሁክ ሕግ ነው። ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ ያሳተመው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሞላ ላይ ጭነቱን እጥፍ ብታደርጉ መታጠፉም እጥፍ ይሆናል። ጠንካራ ሞላ ትንሽ ይታጠፋል፣ ለስላሳው ብዙ ይታጠፋል።

አሁን ቁጥር እናስገባ። የቀኙ ባሌስትራ በየ100 ኪሎው 1 ሳንቲሜትር ይወርዳል እንበል። የግራው ዝቅ ብሎ ስለታየን አንድ ቅጠል ጨመርንበትና በየ120 ኪሎው 1 ሳንቲሜትር የሚወርድ ሆነ። ባዶዋን ቆማ ቀጥ አለች፣ ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ 1,200 ኪሎ ከኋላ ጫንባት፣ ለእያንዳንዱ ጎን 600 ኪሎ ደረሰው። ቀኙ 6 ሳንቲሜትር ወረደ፣ ግራው 5 ብቻ። ባዶዋን ቀጥ ያለችው መኪና ተጭና ወደ ቀኝ አጋደለች ማለት ነው። በባሌስትራዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከመኪናው ስፋት ስለሚያንስ፣ ይህች 1 ሳንቲሜትር ጭነቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከዚያ በላይ ትሆናለች። ጭነቱ ላይ ደግሞ ሰው ተቀምጧል። ኩርባው የት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ታዲያ እንዴት እንለካ? የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትርም ቢሆን ይበቃል።

መጀመሪያ መሬቱን ጠርጥሩ። ቺሮ ሜዳ መሬት እንደ ልብ አይገኝም፤ የማደያ ሲሚንቶ ይሻላል። አንድ ጊዜ ለክታችሁ መኪናዋን አዙራችሁ እዚያው ቦታ ላይ አቁሟትና ድገሙት። ያጋደለው ጎን ከተቀየረ የዋሸው መሬቱ ነው።

ቀጥሎ ጎማ። የአራቱም ንፋስ ትክክል ነው? ቁጥራቸው አንድ ነው? በአንድ በኩል አዲስ፣ በሌላው ያለቀ ጎማ ከታሰረ በዚያ ብቻ ወደ 1 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ልዩነት ይመጣል። ይህን ጎሚስታ ይፈታዋል፣ ባሌስትራ አያስፈልገውም። ጭነቱንም አውርዱ። በአንድ ጎን የታሰረ ጀሪካን፣ ነዳጅ የሞላ ታንክ፣ ተጠባባቂ ጎማ፣ ሁሉም ክብደት ነው።

ከዚያ በአራቱም ጎን ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩና ጻፉት። ከመሬት ሳይሆን ከቸርኬው መሃል ስትለኩ የጎማው ልዩነት ከሂሳቡ ይወጣል። ግን ተጋጭታ የተቀጠቀጠች መኪና ከሆነች ፓራፋንጎውም ይዋሻል። ስለዚህ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለውንም ለኩ። የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ጤነኛ መኪና ላይም ስላለ አያስጨንቃችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሻንሲ እንደ ጠረጴዛ ነው፣ አንዱን ማዕዘን ስትነኩት ሌላው ይንቀሳቀሳል። የፊት ግራው ዝቅ ያለው የኋላ ግራው ስለደከመ ሊሆን ይችላል። ወይም የኋላ ቀኙ ላይ ሰው ያለ ልክ ቅጠል ጨምሮበት መኪናዋን ወደ ፊት ግራ ገፍቷት ይሆናል። ይህን የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። ለፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ፣ ምክንያቱም የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ስለሆነ ኋላው ከተነሳ አይረዳችሁም። ከዚያ በክሪክ ዲፈረንሻሉን መሃል ላይ ይዛችሁ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ትንሽ ለቀቅ እስኪሉ ብቻ አንሱ። ማንም ሰው ከሥር እንዳይገባ! አሁን የኋላው ባሌስትራ መኪናዋን ወደ ጎን መግፋት አይችልም። ፊቷን ተመልከቱ። ቀጥ ካለች በሽታው ከኋላ ነው። እንዳጋደለች ከቀረች በሽታው ከፊት ነው። አለቀ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ያልሆነ ዕቃ ከመግዛት ያድናል።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ምክንያቱን ፈልጉ። የተሰበረ ቅጠል ብዙ ጊዜ አክስሉ ላይ በታሰረበት መሃል ወይም በመሃል ቡሎኑ ቀዳዳ ላይ ስለሚሰነጠቅ በቀላሉ አይታይም፤ ጭቃውን አጥባችሁ እዩት። የመሃል ቡሎኑ ከተቆረጠ ደግሞ አክስሉ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ከፊት ቸርኬ መሃል እስከ ኋላ ቸርኬ መሃል በግራም በቀኝም ለኩ፣ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የባሌስትራው የጎማ ቡሽ መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለ ጥብቅ ብሎ ከታሰረ ሲወርድ ይጠመዘዝና መኪናዋን ወደ ላይ ይይዛታል። የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማዎቹ መሬት ነክተው ነው። ሞላ ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ የሾፌሩ ጎን ትንሽ እንዲረዝም ተደርገው የሚሸጡ ጥንድ ሞላዎች አሉ። ተቀያይረው ከገቡ አዲስ ሞላ አስገብታችሁም መኪናዋ ታጋድላለች።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ያዙልኝ፦ አሞርዛተር መኪና አይሸከምም! ሥራው የሞላውን መወዛወዝ ማብረድ ነው። መኪናዬ አጋደለች ብሎ አሞርዛተር የሚቀይር ሰው፣ ራሱን አሞት ጫማ የሚቀይር ሰው ነው።

"ጫት እኮ አይጠብቅም፣ ማን ቆሞ ይለካል?" የሚለኝ ሾፌር እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፣ ጫት ካደረ ዋጋ የለውም። ባለቤቱ ስልክ ላይ ነው፣ ሾፌሩም በሰዓት ነው የሚመዘነው። ግን የምለው ሥራ አቁሙ ሳይሆን፣ መኪናዋ ባዶ በምትውልበት ቀን ግማሽ ሰዓት ስጧት ነው። ቅጠል ለማስጨመር ግማሽ ቀን ጋራዥ ያቆማት ሰው ለመለካት ጊዜ የለኝም ሊል አይችልም።

በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ ፍሬኑ ነው። ብዙ የቆዩ ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። መኪናዋ ስትጫን ኋላው ዝቅ ይላል፣ ቫልቩም "ተጭናለች" ብሎ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ኃይል ይለቃል። ቅጠል ጨምራችሁ ኋላውን ከፍ አድርጋችሁ ቫልቩን ካላስተካከላችሁት፣ መኪናዋ ተጭና ሳለ ባዶ ነች ብሎ ያስባል። የኋላ ፍሬን ይቀንሳል። ከቺሮ ወደ ሚኤሶ ያለውን ቁልቁለት በዚህ ፍሬን መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከመቻራ ምጥ የያዛትን እናት የሚያመጣ አምቡላንስም ይኸው ዓይነት መኪና ነው።

ስለዚህ የመኪና ባለቤቶች፣ ለምርመራ ክፈሉ። መካኒኩ "ምንም አይቀየርም" ቢላችሁ ገንዘቡን ደስ ብሏችሁ ስጡት፣ ከዚያ የበለጠ ገንዘብ አድኖላችኋል። ጋራዥ የምትሠሩ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ሜትር ይኑር። አራቱን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ለደንበኛው አሳዩት። ሰው ያየውን ቁጥር ያምናል፣ ላመነበትም ይከፍላል።

ረዳት ሆናችሁ ጭነት ላይ የምትቀመጡ ልጆቼ፣ ይህን ጽሑፍ ለሾፌራችሁ አሳዩልኝ። የምታውቁት የተሻለ ዘዴ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ እኔም እማራለሁ። በሰላም ግቡ።