ለሮክ ሙዚቃ የሚሆን ከበሮ ስለ መግዛት

አንድ አባት ልጃቸው ድራም ግዙልኝ እያለ ስለ ወተወታቸው ምክር እንድንሰጣቸው ጠይቀውናል። ልጁ የሚወደው ሮክ የተባለውን የአሜሪካና የእንግሊዝ ሙዚቃ ነው። እኛም በዚሁ ነገር ቀድመን የተሳሳትን ስለ ሆንን፥ ስሕተታችንን ሳንሸሽግ የተማርነውን እንጽፋለን።

ልጃችን 14 ዓመት በሞላው ጊዜ ይህንኑ ለመነን። እኛም የዕቃውን ብዛት አይተን፥ 7 ከበሮ ያለበትን የሚያብረቀርቅ ቀይ ድራም ገዛንለት። ነጋዴው፥ ይህን ያህል ዕቃ በዚህ ዋጋ ከወዴት ይገኛል ብሎን ነበርና ያተረፍን መሰለን። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ልጁ መምታቱን ተወ። ሰነፍ ነህ፥ ገንዘባችንንም በከንቱ አስወጣኸን ብለን በእንግዳ ፊት ገሠጽነው፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ኋላ ሙዚቃ የሚያውቅ አንድ ወዳጃችን መጥቶ ቢመታው፥ የእግሩ መርገጫ ይንሸራተታል፤ መቆሚያው ይዘማል፤ ሲምባሉም እንደ ድስት ክዳን ይንቋቋል። «በዚህስ እኔም አልማርበትም» አለን። በልጁ ላይ የፈረድነው ምስክር ሳንሰማ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቅን።

በቅኔ ማሕሌት ያደግን ሰዎች ከበሮ ሲባል በአንገት ተንጠልጥሎ ሰፊውና ጠባቡ አፉ በሁለት እጅ የሚመታው ይታሰበናል። ድራም ግን ቀድሞ ለየሰው ተከፍሎ ይመታ የነበረውን ከበሮና ሲምባል በአንድ ሰው እጅና እግር ሥር የሰበሰበ ነው። ይህም የሆነው በእግር መርገጫ ምክንያት ነው። ዊልያም ሉድቪግ የተባለ ከበሮ መቺ በ1909 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን) በቺካጎ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ፈጣን መርገጫ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ በእግሩ ይመርምር፤ መርገጫው ሲረገጥ የማይንሸራተት፥ ሲለቀቅም ፈጥኖ የሚመለስ መሆን አለበት።

ብዛት እንዳያታልል አጥብቀን እንመክራለን። የቢትልሱ ሪንጎ ስታር በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 በኒውዮርክ ሲጫወት 73 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በቴሌቪዥን ተመልክቶታል፤ በፊቱ የነበሩት ከበሮዎች ግን 4 ብቻ ነበሩ። እነርሱም በእግር የሚመታው ባስ ድራም፥ ከሥሩ የሽቦ ገመድ ያለው ስኔር፥ ከላይ የሚቀመጠው ቶምና በእግሮቹ የሚቆመው ትልቁ ቶም ናቸው። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልገውም።

ሮክ ከሌላው የሚለየው ብርቱ ምት ስለሚፈልግ ነው፤ ስለዚህ ለጃዝ ከተሠራው ትንሽ ድራም ይልቅ ሰፋ ያለው ይሻላል። ባስ ድራሙ 22 ኢንች፥ ቤቱ ከበቃ 24 ይሁን። የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ቦናም በ26 ኢንች ይጫወት ነበር፤ ይህ ግን ለታዳጊ ልጅ አይመችም። ስኔሩ ወርዱ 14፥ ጥልቀቱም 5 ወይም 6 ተኩል ኢንች ቢሆን፥ የላዩ ቶም 12 ወይም 13፥ ትልቁም ቶም 16 ቢሆን ይበቃል።

ስለ እንጨቱ ክርክር ብዙ ነው። ሜፕል ድምፁ ሞቅ ያለ፥ በርች የሰላ ነው ይላሉ፤ ፖፕላርም በዋጋ ይረክሳል። እኛ ግን ከእንጨቱ ስም ይልቅ የቀፎው ከንፈር ቀጥ ማለቱን እናስቀድማለን። ቆዳውን አስፈትቶ ቀፎውን በለሰለሰ መስተዋት ላይ መድፋትና ከውስጡ መብራት ማብራት ነው፤ ብርሃን በከንፈሩ ሥር ካመለጠ፥ ከበሮው ሲቃኝ ያስቸግራል። ቆዳ ማለታችንም በልማድ ነው፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጥጃው ቆዳ በፕላስቲክ ተተክቷል። ለሮክ ሁለት ድርብ ሆኖ የተሠራው የብርቱን ምት ይችላል። ያረጀ ቆዳ ስለሚለወጥ፥ ቀፎው ደኅና ከሆነ አሮጌ ድራም መግዛት አያሳፍርም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በሲምባሉ ነው። ከበሮ ቢከፋ በቅኝትና በአዲስ ቆዳ ይሻሻላል፤ ክፉ ሲምባል ግን እስከ መጨረሻው ክፉ ነው። ርካሹ ከናስ፥ ማለት ከመዳብና ከዚንክ፥ ይሠራል። ደኅናው ከነሐስ ሲሆን፥ የታወቀው ቅይጥ ከመቶ 80 መዳብና 20 ቆርቆሮ ነው። ዚልጂያን የሚባለውን ቤት አቬዲስ የተባለ አርመናዊ በ1623 በቁስጥንጥንያ መሠረተው፤ ዛሬ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ይሠራል። እኛም በ1924 ከኢየሩሳሌም በመጡት በአርባዎቹ አርመናውያን ልጆች ባንድ ምክንያት ለዚህ ሕዝብ የሙዚቃ ባለዕዳዎች ነን። ለመነሻ 14 ኢንች ጥንድ ሀይ ሃት፥ አንድ 16 ወይም 18 ክራሽ፥ አንድም 20 ራይድ ይበቃል። አሮጌ ሲሆን ጠርዙንና የመካከሉን ቀዳዳ በጣት ዳስሶ ስንጥቅ መፈለግ ነው፤ የተሰነጠቀ ሲምባል ስንጥቁ እየሰፋ ይሄዳልና። ከተመደበው ገንዘብ ሲሶውን ለሲምባል ብታስቀሩ አትጸጸቱም። መቀመጫውንም አትርሱ፤ የምግብ ቤት ወንበር ወገብ ያሳምማል።

ድምፁ ጎረቤት እንደሚያውክ የታወቀ ነው፤ በባስ ድራሙ ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ ቢጨመር ይበርዳል። ከጎረቤት ይልቅ የሚያሳስበን የልጁ ጆሮ ነው። የድራም ድምፅ 100 ዴሲቤል ያልፋል፤ ባለሙያዎች ግን ለ8 ሰዓት የሚፈቅዱት 85 ድረስ ነው። ጥጥ አይበቃም፤ የጆሮ መከለያ ከድራሙ ጋር አብሮ ይገዛ።

ቀዩን ድራም በኪሳራ ሸጠን አሮጌ ባለ 4 ፈለግን። በዚህ ጊዜ ልጁን አስከትለን ሄድን፤ አስቀድመንም በዚያው እንግዳ ፊት ይቅርታ ጠይቀነው ነበር። ሦስት ቤት ዞረን፥ በሦስተኛው ቤት ሲምባሉን ዳስሶ፥ «አባባ፥ ይኸኛው ተሰንጥቋል፤ ያንን ያውርዱልን» አለን። አሁን ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ይመታል፤ እኛም በዚያ ሰዓት መዝገባችንን ይዘን ወደ ጓዳ እንገባለን።