መልሕቅና ችካል

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጭሮ (የቀድሞ ስሟን ለሚመርጡት አሰበ ተፈሪ) በተዘጋጀ አንድ የግጥም ምሽት ላይ፣ ደረቴን ነፍቼ የሚከተሉትን ሁለት ስንኞች አነበብሁ።

መልሕቅ ነው ተስፋዬ፣ ከጥልቁ የጣልሁት፣
ማዕበል ሲያናውጥ ይዤ የቆየሁት።

ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባው ሲበርድ በወጣትነታቸው ባሕር ዳር ያስተማሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ከኋላ ወንበር እጃቸውን አወጡና «አንተ ልጅ፣ ግጥምህ ደኅና ነው፤ ለመሆኑ መልሕቅ በዐይንህ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ለስምንት ወራት አንድ ስንኝ አልጻፍሁም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ በመስኮት በኩል የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ያልቆጠርሁትን ብር ተቀብያለሁ ብዬ ማኅተም አላሳርፍም። ማታ ብዕር ሳነሣ ግን አይቼው በማላውቀው ዕቃ ስመነዝር ኖሬያለሁ ማለት ነው። ደግሞም ብቻዬን አይደለሁም። በየግጥም ምሽቱ የምንሰማውን ልብ ብላችሁ አድምጡ፤ መልሕቁን ያልጣለ አፍቃሪ፣ ወደብ ያላጣ ስደተኛ አታገኙም። ይህን ሁሉ የምንጽፈው ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር በሌላት አገር ውስጥ ተቀምጠን ነው።

በርግጥ ቃሉ የራሳችን ነው። የግእዝ ቃል ነው፤ በአዱሊስ ወደብ ይነግዱ የነበሩት አክሱማውያን መርከቡንም ባሕሩንም ያውቁት ነበር። ለብዙዎቻችን ግን የደረሰን በመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 መርከበኞቹ ከዐለት እንዳይላተሙ ፈርተው በሌሊት አራት መልሕቅ ይጥላሉ፤ ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት ምዕራፍ 6 ደግሞ ተስፋ ራሱ በነፍስ መልሕቅ ይመሰላል። ለዚያ ዘመን አንባቢ ይህ የዕለት ኑሮ ምሳሌ ነበር፤ ወደብ ወርዶ በዐይኑ ያየዋል። ለጭሮ ልጅ ቅርብ የሚባለው መልሕቅ ያለው ጅቡቲ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው ባቡር እንኳ እኛን ደጋ ላይ ትቶ ቆላውን በሚኤሶ በኩል ያልፋል።

የእኛ ውኃ ሌላ ነው። ሻላ 266 ሜትር ድረስ የሚወርድ ነውና እርሱን ልተወው። ጣና ግን ያን ሁሉ ስፋት ይዞ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። የዝዋይ አማካይ ጥልቀት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ነው። በእንዲህ ያለ ውኃ ዳርቻ ትንሽ ጀልባን የሚያቆማት ብረት አይደለም፤ ጭቃው ውስጥ የተተከለ እንጨት ነው። የጣና ታንኳ ነጂም ጥልቀት በሌለው ቦታ የሚሄደው በረጅም እንጨት ታችኛውን መሬት እየገፋ ነው። የታንኳው ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ሲያድር ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። (በነገራችን ላይ፣ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ለመሻገር የሞከረባት «ራ» የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ደንገላችን ውቅያኖስ ላይ ሲንሳፈፍ እኛ መልሕቅ እናስመጣለን!)

እኔ ይህን የተማርሁት ሐረማያ ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ስገባ ሐይቁ ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። ለሐረርና ለአካባቢው የመጠጥ ውኃ፣ ለጫቱና ለአትክልቱ መስኖ ሲሳብበት፣ ከተራራው የሚጠረገው አፈርም ሲሞላው፣ እኔ ከመድረሴ ዓመታት አስቀድሞ ደርቆ ከብት ይግጥበት ነበር። ዲግሪዬን የያዝሁት በሌለ ሐይቅ ዳር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዓመታት በኋላ ውኃው መመለሱን ስሰማ ማመን አቃተኝ። ባለፈው ዓመት ለበዓል ከጭሮ ተነሥቼ በሂርና፣ በጨለንቆ፣ በቁልቢ፣ በደንገጎ አድርጌ እዚያው አቅራቢያ የሚኖረውን የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ልጠይቅ ሄድሁ። ትንሽ የሣንቃ ጀልባ አለችው። «ጋሼ፣ ና ኡቱባ እንሥራላት» አለኝ። ኡቱባ በኦሮምኛ የቤት ምሰሶ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ከአጣና መሸጫ ቀጥ ያለ፣ ክንድ የማያክል ግን የማይለምጥ፣ ሦስት ሜትር የሚሆን የባሕር ዛፍ አጣና መረጥን። ልኬቱን የሰጠኝ ልጁ ነው፤ ውኃው እስከ ደረት ነው፣ ጭቃው ግማሽ ሜትር ይውጣል፣ የቀረው ከጀልባዋ ጠርዝ በላይ ቆሞ እጅ ሊይዘው ይገባል። ልጡን ላጥነው። ጫፉን በመጥረቢያ አሾልንና እንዲጠነክር በእሳት ለበለብነው። በላይኛው ጫፍ አጠር ያለች እንጨት አግድም መትተን እጀታ አደረግንለት፤ ከእጀታው ዝቅ ብሎም በጋለ ብረት ቀዳዳ በስተን ገመድ አሳለፍንበት። እኔ በሥራው መካከል ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ይህ ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ «ባሕር ዛፍ» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ስንሠራበት፣ አጥር ስናጥርበት፣ እንጀራ ስንጋግርበት ኖረናል። እነሆ ዛሬ እንደ ስሙ ውኃ ውስጥ ሊቆም ነው።

መጀመሪያ የተከልሁት እኔ ነኝ፤ ቀጥ አድርጌ፣ በጥድፊያ፣ ገመዱንም አሳጥሬ ከጀልባዋ ጎን አሰርሁት። ነፋስ ሲመጣ ጀልባዋ ተገላበጠች ማለት ይቀረኛል፤ ዞረችና ጎተተችው፣ ችካሉ ተነቀለና ተንሳፈፈ። ባለቤቴ ከዳር ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። ልጁ ቀዝፎ አመጣውና አሳየኝ። ከነፋሱ ተቃራኒ ዘንበል ይደረጋል፤ በሰውነት ክብደት እየተጫኑ እያሽከረከሩ ይወርዳል፤ ገመዱ ከጀልባዋ አፍንጫ ይታሰርና ማዕበሉ ከፍ ዝቅ የሚያደርጋት ያህል ላላ ይላል። ሲነቀልም አሽከርክሮ ነው፤ ዝም ብሎ የጎተተ ሰው ችካሉን ሳይሆን ጀልባዋን ወደ ችካሉ ያመጣል። ታች ዐለት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው፤ በገመድ የታሰረ ከባድ ድንጋይ ይሻላል።

ሁለተኛ ስሞክር መዳፌ ላይ አንድ ነገር መጣ። መጀመሪያ ለስላሳው ደለል፣ ቀጥሎ ያዝ የሚያደርገው ጭቃ፣ ከዚያ በታች ጠጠር ያለ መሬት፤ ያ እኔ ተማሪ ሳለሁ በእግሬ የተራመድሁበት የሐይቁ ወለል መሆን አለበት።

የሙግቴ ሥር እዚህ ላይ ነው። መልሕቅን የሚጥል ሰው ይለቀዋል፤ የሚነክሰውን መሬት በእጁ አይዳስሰውም። ችካልን የሚተክል ግን ታቹን እስኪያውቅ ድረስ አይታሰርም። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን የብዕር ስሙን የወሰደው በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ጥልቀት ለኪው ከሚጮኸው ጥሪ ነው፤ ውኃው ሁለት ልክ፣ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ደርሷል ማለት ነው። እርሱ ራሱ የዚያ ወንዝ የመርከብ መሪ ነበር፤ ጥሪውን በጆሮው ሰምቶታል።

ያላዩትን መጻፍ ኃጢአት ነው እያልሁ አይደለም፤ እንዲህ ካልሁ ከግጥማችን እኩሌታው ይሰረዛል፤ መንግሥተ ሰማያትን ያየ ባለቅኔም የለም። ክርክሬ የቀረበውን ሳንነካ የራቀውን ስለ መዋሳችን ነው። በየሐይቁ ዳር ችካሉን፣ ገመዱን፣ ደለሉን በየስሙ የሚጠሩ ሰዎች አሉ፤ የሣንቃና የሞተር ጀልባው ሲበዛ ከታንኳው ጋር ቃሎቹም ይሄዳሉ፤ ከገጣሚዎቻችን መካከል ሄዶ የጠየቃቸው ስንት ነው? ለነገሩ እኔስ መቼ ሄድሁ፤ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነው ያገኘሁት።

መምህሩን ባለፈው ወር ገበያ ላይ አገኘኋቸውና ነገርኋቸው። መልሕቁን አላነሡትም፤ «ለመሆኑ አጣናው ስንት ገባ?» ብቻ ነበር ያሉኝ።

ስንኙን ሰርዤዋለሁ። በምትኩ የጀመርሁት ገና ቤት አልመታልኝም። ለ«ችካል» የሚገጥሙ «ይነካል» እና «ይለካል» የሚሉ ቃላት ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ አልመረጥሁም።