ስሙን ከመጥራታችን በፊት

በመስከረም መጨረሻ ከተማሪዎቼ ጋር ከጎንደር ተነሥተን፣ ደባርቅን አልፈን፣ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ድብ ባሕር ልንወርድ ተጉዘን ነበር። የጉዞው ዓላማ የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ በባሮሜትር መለካት ስለ ነበር፣ ወፍ የማየት ሐሳብ ፈጽሞ አልነበረንም። ይሁን እንጂ ደባርቅ ከመድረሳችን በፊት ውኃ በተኛበት የግጦሽ ሜዳ ዳር ጥቂት ቆመን ሳለን፣ አንድ ዥንጉርጉር ቡናማ፣ ምንቃሩ ረጅም የሆነ ወፍ ከእግራችን ሥር ብር ብሎ ተነሣና ትንሽ ርቆ ሣሩ ውስጥ ጠፋ። ሁሉም ነገር ከአራት ሴኮንድ አልበለጠም። የወፎች መጽሐፍ የያዘ አንድ ተማሪ ገጹን ገለጠና «ትልቁ ስናይፕ ነው!» አለ። ሌሎቹም ወዲያው ተስማሙ፤ በየደብተሩም ያው ስም ሰፈረ።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ስም ነው።

ስናይፖች በረግረግ ዳር ጭቃውን በምንቃራቸው እየወጉ ትል የሚለቅሙ ወፎች ናቸው። በደጋው ምድራችን የሚኖረውና የሚራባው የአፍሪካ ስናይፕ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ደግሞ ተራው ስናይፕ፣ ትንሹ ጃክ ስናይፕና ትልቁ ስናይፕ ናቸው። ይህ የመጨረሻው በዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለስጋት ከተቃረቡት ተርታ የተመደበ ነው። ለፊዚክስ ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ አስደናቂ ፍጥረት ማግኘት ያዳግታል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ከስዊድን የተነሡ ትልልቅ ስናይፖች አንዳንዶቹ እስከ 6,800 ኪሎ ሜትር ሳያርፉ ተጉዘዋል፤ አማካይ ፍጥነታቸውም በሰዓት እስከ 97 ኪሎ ሜትር ደርሷል። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዱን ወፍ 8,700 ሜትር ከፍታ ላይ መዝግቦታል፤ ይህም የራስ ደጀንን ከፍታ እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም።

ተማሪዎቹ ይህን ወፍ ለማየት መጓጓታቸው አያስገርምም። ነገር ግን የሚለየው በምንድን ነው? ተራው ስናይፕ የክንፉ የኋላ ጠርዝ ጥርት ያለ ነጭ ነው፤ ሆዱም ነጭ ነው፤ ሲደነግጥ እየጮኸና እየተጠማዘዘ ይበርራል። ትልቁ ስናይፕ ሆዱ በጥቁር ሰረዝ የተሞላ፣ የክንፉ የታችኛው ገጽ የጠቆረ፣ የጅራቱ ጠርዝ ነጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የአፍሪካው ስናይፕ ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ሆዱ ነጭ፣ አበራረሩም ዘገምተኛ ነው፤ የእርሱም ጅራት ግን ከጎንና ከጎን ነጭ ያሳያል። በዚያ ላይ የትልቁ ስናይፕ ጫጩት በመጀመሪያው ዓመቱ የጅራቱ ነጭ ገና ጎልቶ አይታይም።

ተማሪዎቹን አሰባስቤ ጠየቅኋቸው። ሆዱን ያየ አልነበረም። የክንፉን የኋላ ጠርዝ አየሁ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱ ጮኸ አሉ፤ ሦስቱ አልጮኸም አሉ። «እንግዲያውስ ‹ስናይፕ፣ ዝርያው ያልተለየ› ብላችሁ ጻፉ» አልኋቸው። አንዲት ተማሪ ቅር ብሏት «ዶክተር፣ ታዲያ ምን አየን ልንል ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልሱም በስሌት ይገኛል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ሜዳ ላይ ካሉ 1,000 ስናይፖች 950ው የተለመዱት፣ 50ው ብርቅዬው ናቸው እንበል። ተመልካቹም ጎበዝ ሆኖ ከአሥር አንድ ጊዜ ብቻ ይሳሳት። ከተለመዱት 95ቱን ብርቅዬ ናቸው ይላል፤ ከብርቅዬዎቹም 45ቱን በትክክል ይለያል። በጠቅላላው 140 ጊዜ «ብርቅዬውን አየሁ» ሲል እውነቱ 45 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሦስት አንድ እንኳ አይሞላም። ዘጠና ከመቶ የማይሳሳት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እጅግ ማየት በሚፈልገው ነገር ላይ መሆኑ ይገርማል።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ባለ ቀጭን ምንቃሩ ከርሊው የተባለው የውኃ ዳር ወፍ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1995 ሞሮኮ ውስጥ መርጃ ዘርጋ በተባለው ሥፍራ ነው። ከዚያ በኋላ አየነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። በ1998 ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ የታየ አንድ ወፍ ተመርምሮ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ማስረጃው እንደ ገና ሲፈተሽ አጠራጣሪ ሆነና ተሰረዘ። ምንቃሩ ገና ያላደገ ተራ ከርሊው ብርቅዬውን ሊመስል ይችላልና። በጥቅምት 2025 ወፉ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። የተሳሳተ ስም ምን ያህል እንደሚጎዳ እዚህ ላይ ይታያል፤ የሌለ ወፍ በየዓመቱ «ሲታይ» ቢኖር የመጥፋቱን ጉዳይ አጣዳፊ አድርጎ የሚያስብ ማን ነው?

ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። በየዓመቱ ስለ ፔንዱለም የሚቀርቡልኝን የላቦራቶሪ ሪፖርቶች ሳርም፣ የስበት ፍጥንጥነት ሁልጊዜ 9.8 ሆኖ አገኘዋለሁ። ክሩ ቢረዝም ቢያጥር፣ የሰዓቱ ቁልፍ ቢዘገይ ባይዘገይ ውጤቱ ያው ነው። ተማሪዎችን ብቻ መውቀስ አልችልም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ መልሱን ከመጽሐፉ አይቼ ወደ ኋላ እያሰላሁ የሞላኋቸው ሠንጠረዦች ብዙ ናቸው፤ ሙሉ ነጥብም አግኝቼባቸዋለሁ። ለዶክትሬት ውጭ አገር በሄድሁ ጊዜ አማካሪዬ የመጀመሪያ ደብተሬን አገላብጦ መለሰልኝና ስሕተቶቼ የት እንዳሉ ጠየቀኝ። የለም ማለቴ ነበር ያሳፈረኝ። በእኔ እምነት ጥፋቱ ያለው በእኛ በመምህራን አራረም ነው። «አልገጠመልኝም፤ ምክንያቱም ይህ ይመስለኛል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ከእኛ ነጥብ የሚያገኝበት ቦታ የለም። ሪፖርቱ ከሚታረምበት ነጥብ ቢያንስ ግማሹ ላልገጠመው ነገር በሚሰጥ ማብራሪያ ላይ ሊሆን ይገባል እላለሁ። ባልደረቦቼ ይህ ስንፍናን ያበረታታል ይሉኛል። እኔ ግን ሰነፍ ተማሪ 9.8ን እንጂ ማብራሪያን ሲመርጥ አይቼ አላውቅም።

ድብ ባሕር ስንደርስ ባሮሜትሮቹን አነበብን። ከሦስቱ ቡድኖች የሁለቱ ውጤት ከስሌቱ ጋር ተቀራረበ፤ የሦስተኛው ራቀ። የሦስተኛውን ቡድን ደብተር ባየሁ ጊዜ ቁጥሩ በላጲስ ተፍቆ፣ ከዚያ ያው ቁጥር እንደ ገና በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት አገኘሁት።