ባቡሩ ሳይደርስ እንድረስ

ወገኖቼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ፣ ዊተንና ታኮማ ፓርክ ያላችሁ፣ ከዲሲም ከቨርጂኒያም ለክትፎ የምትመጡ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

የፐርፕል ላይን ባቡር እየመጣ ነው። ከቤተስዳ ተነሥቶ ኒው ካሮልተን ድረስ 16 ማይል የሚሄደው መስመር በመሐላችን፣ በሲልቨር ስፕሪንጉ ቦኒፋንት ጎዳና ያልፋል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀምሮ ዓመት ከዓመት ሲጓተት አቧራውን የቃሙት፣ መንገድ ሲዘጋ ደንበኛ ያጡት ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ናቸው። ባቡሩ ሊደርስ ሲል ደግሞ ኪራይ ይጨምራል። መከራውን እነሱ ችለው ፍሬውን ሌላ እንዳይበላው ዛሬውኑ እንነሣ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ወንዙን ተሻግራችሁ አርሊንግተንን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የክላረንደን ሰፈር ለሜትሮ ሲቆፈር ነባሮቹ ነጋዴዎች ጥለው ወጡ። አከራዮች ባዶ የቀረውን ሱቅ በርካሽ፣ ግን በአጭር ውል፣ ከሳይጎን መውደቅ በኋላ ለመጡ የቬትናም ስደተኞች ሰጡ። ሰፈሩ ሞቀ፤ "ትንሿ ሳይጎን" እስከ መባል ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1979 ጣቢያው ተከፈተ። ኪራዩም ተከትሎ ናረ። በአጭር ውል የገባ ሰው ምን ይዞ ይከራከራል? ብዙዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ፎልስ ቸርች ወዳለው ኤደን ሴንተር ሄዱ። ሰፈሩን ያሞቁት እነሱ ሲሆኑ፣ የወረሱት በየከተማው አንድ ስም የሚለጥፉ ትልልቅ ድርጅቶች ሆኑ።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለእንጀራ የሚኬደው አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ነበር። ቀጥሎ ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና። ቀጥሎ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ። ከዚህስ ወዴት ነው? ምሳ ለመብላት ፍሬድሪክ ድረስ ልንነዳ ነው?

አንድ ነገር ይገባን። ቼይን ሬስቶራንቱ ቦታውን የሚወስደው ምግቡ ስለሚጣፍጥ አይደለም። አዲሱ ሕንፃ ምድር ቤቱን ባዶ ግድግዳ አድርጎ ያከራያል፤ የጭስ መሳቢያውን፣ የቅባት ማጣሪያውን፣ የውኃውን መስመር ተከራዩ ይሠራል። ከኪራዩም በላይ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ይጫንበታል። ትልቁ ድርጅት ይህን በአንድ ቼክ ይዘጋዋል፤ የሕንፃው ባለቤት የተበደረበት ባንክም ስሙን ሲያይ ደስ ይለዋል። የትንሹ ምግብ ቤት ባለቤት እህታችን ግን በግል ዋስትና ፈርማ ነው የምትገባው። ሥራው ቢወድቅ ቤቷም አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወጥ ቤቷን እዩ። ገና ሳይነጋ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ገብቷል። አትቸኩልም። ውኃ ጠብ እያደረገች ታቁላላዋለች፤ ቀልቶ እስኪሟሽሽ፣ በርበሬው ገብቶ ጥሬ ሽታው እስኪለቅ ድረስ ከምድጃው አትርቅም። ዶሮውን በሎሚና በጨው ስንት ጊዜ እንዳጠበችው እሷ ታውቃለች። ደንበኛ መጥቶ "እትዬ፣ ዛሬ ሚጥሚጣውን ጨምሪልኝ" ሲላት ትጨምርለታለች። በቼይኑ ቤት ይህን የሚወስን ሰው የለም፤ ሜኑውም ቅመሙም ሌላ ስቴት ባለ ቢሮ ተቆርጦ የመጣ ነው። ፌንተን ጎዳና ላይ ክትፎ፣ ሁለት እርምጃ አልፎ የኤል ሳልቫዶሮቹ ፑፑሳ የሚገኝበት ሰፈር ይህ ነው። ለፑፑሳውም እንቁም። ጎረቤታችን ሲነቀል ተረኛው እኛ ነን።

ባለ ምግብ ቤቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የእናንተም ሜኑ ተመሳስሏል። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ፦ ጥብስ፣ ክትፎ፣ በያይነቱ፣ አበቃ። የትግራዩ ጥሕሎ የት ሄደ? የሲዳማው ቡርሳሜስ? የወለጋው አንጮቴስ? አምጡት! በሳምንት አንድ ቀን እንኳ አምጡት። እኛም እንመጣለን።

እንመጣለን ካልን ደግሞ ቅዳሜ ማታ ብቻ አይሁን። ቅዳሜ ቤቱ ራሱ ይሞላል፤ የሚገድለው ሰኞና ማክሰኞ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ኑ። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱን እዚያው ብሉ። የሥራ ባልደረቦቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ክርስትና፣ ምርቃት፣ ተዝካር ሲኖር ምግቡን ከሰፈሩ እዘዙ።

ቤት ሆናችሁ ስታዙ በአፕ አትዘዙ፤ በቀጥታ ደውሉ። ትልልቆቹ አፖች እንደ ውሉ ዓይነት ከ15 እስከ 30 በመቶ ይቆርጣሉ። ሄዳችሁ ብታመጡት ያ ገንዘብ ኪራይ ይሆናል።

ባለቤቶች፣ ዛሬ ማታ ውላችሁን ከመሳቢያ አውጡና አንብቡ። የማደስ መብት አላችሁ? ካላችሁ፣ በስንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ? ያ ቀን ካለፈ መብቱም አለፈ። ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፉት። ለየብቻ ከአከራይ ጋር አትጋፈጡ፤ ተሰብሰቡ፣ አዋጡ፣ አንድ ጠበቃ ለሁላችሁ ያዙ። ዕቁብና ዕድር የምናውቅ ሰዎች ይህ እንዴት ያቅተናል?

የሕግና የሒሳብ ባለሙያ የሆናችሁ ልጆቻችን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ስጡን። አንድ ውል አንብቡ፤ አንዲት እናት ያልገባትን ገጽ አስረዱ።

ሁላችሁም ደግሞ ድምፃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ሮክቪል፣ የፕላን ቦርዱ እዚሁ ዊተን ይቀመጣል፤ ሁለቱም ሕዝብ ይሰማሉ። ተመዝገቡና ተናገሩ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም አትበሉ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ2012 ከጎንደር ጋር እህትማማች ሲሆን ደስ ብሎን አጨብጭበናል። እህትነቱ በፎቶ ብቻ እንዳይቀር እንንገራቸው፦ ለነባር ትንንሽ ነጋዴዎች የኪራይ ድጋፍ ይኑር፤ በአዲሶቹ ሕንፃዎች ምድር ቤት አቅማቸውን ያገናዘበ ጠባብ ቦታ ይተውላቸው፤ በግንባታው የተጎዱት ይካሱ።

ባቡሩ ከገባ በኋላ የሚጻፍ አቤቱታ ለማንም አይጠቅምም። ስልካችሁን አንሡ፤ ለፊታችን ማክሰኞ የስድስት ሰው ጠረጴዛ ያዙ፤ ሂሳቡን ስትከፍሉም ባለቤቷን "እትዬ፣ ውልሽ መቼ ነው የሚያልቀው?" ብላችሁ ጠይቁ።