ስለ አነጋገር ጥበብና ስለ ሙያ ጽሕፈት ትምህርት

በዛሬ ዘመን በብዙ ዩኒቨርሲቴ «የሙያ ጽሕፈት» የሚባል ትምህርት ይሰጣል፤ ይህም ደብዳቤን፥ ማመልከቻንና የሥራ መግለጫን በሥርዓት የመጻፍ ትምህርት ነው። ትምህርቱ መልካም ነው። ነገር ግን አንዳንዶች ከእናቱ ከአነጋገር ጥበብ፥ አውሮፓውያን ሬቶሪክ ከሚሉት፥ ለይተው ሊያቆሙት ይወዳሉ። «ተማሪው ቅጹን ይወቅ፥ እንጀራውን ይብላ፤ የጥንት ጽርኣውያን ክርክር ምን ይረባዋል?» ይላሉ። ይህ አሳብ ስሕተት ነው።

እርግጥ ነው፥ ጥበቡን ጥንትም የነቀፈው አልታጣም። አፍላጦን ጎርጊያስ በተባለው መጽሐፉ ከወጥ ሥራ ጋራ አስተካክሎታል፤ ሕፃናት ዳኞች ቢሆኑ ሐኪሙን ትተው ለወጥ ሠሪው ይፈርዳሉና። ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ ግን ሌላ መንገድ ያዘ፤ ጥበቡ በየነገሩ የሚያሳምነውን መርምሮ ማግኘት ነው አለ፤ ማሳመኛውንም በተናጋሪው ጠባይ፥ በሰሚው ልብና በራሱ በነገሩ ማስረጃ ከፈለው። ክፉ ሰው በጥበቡ ይጎዳል ቢባል፥ በጉልበትና በሀብትም ይጎዳል። ባስልዮስና ጎርጎርዮስ በአቴና፥ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በአንጾኪያ ከአረማዊው መምህር ከሊባንዮስ ዘንድ ይህንኑ መማራቸው በከንቱ አይደለም።

ጥበቡ ሲከፈል የሚሆነውን ለማየት የአሜሪካውን ሐርቫርድን መመልከት ይበቃል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1806 ጆን ኵዊንሲ አዳምስ፥ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው፥ የቦይልስተንን የአነጋገር ጥበብ ወንበር የመጀመሪያ መምህር ሆኖ ያዘ። በ1876 ወንበሩ ለቀድሞው ጋዜጠኛ ለአዳምስ ሸርማን ሂል ሲደርስ፥ ትምህርቱ ከንግግር ወደ ጽሕፈት፥ ከአሳብም ወደ ፊደልና ሰዋስው እርማት አዘነበለ። በ1914 ደግሞ በዚያው አገር የንግግር መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ጉባኤ ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። እጅ ያለ አንደበት፥ አንደበትም ያለ እጅ ቀረ።

ጕዳቱም ከትምህርት ቤት ደጅ አልፎ ይሄዳል። በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር በተነሣች በሰከንዶች ውስጥ ፈነዳች፤ ሰባት ሰዎችም ሞቱ። በዋዜማው ሌሊት መሐንዲሶች ብርዱ የመጋጠሚያውን ጎማ እንደሚያሰንፈው ዐውቀው «አትነሣ» ብለው ነበር። ነገር ግን በብርዱና በጕዳቱ መካከል ያለው ዝምድና ሁሉ ላንድ አፍታ እንዲታይ ሆኖ ባንድነት አልቀረበም። ሳይሰሙ የወሰኑት አለቆች ከወቀሳ አይድኑም፤ ዳሩ ግን በዚያች ሌሊት ያስፈለገው የቅጽ ዕውቀት ሳይሆን የሰሚን ልብ ማወቅ ነበር።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምሥጢሩን ይመረምራል፤ ሰሙ ቢያምር፥ ወርቁ ከሌለ ይመልሰዋል። ዩኒቨርሲቴም እንዲሁ ያድርግ፤ ተማሪው አንዲት ማመልከቻ ሲጽፍ «ለማን ነው? ስለ ምን ነው? እውነትስ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ቅጽ መሙላት ብቻ ከሆነ ዛሬ መኪናም ይሞላዋል። ስለ ቃሉ እውነት ቀርቦ የሚጠየቀው ግን ሰው ነው፤ መጠየቅን ያልተማረ ጸሐፊም፥ ብርዑ ቢቀና፥ ድኻው አቤቱታ ይዞ በቆመ ጊዜ አይጠቅመውም።